ቀይ በረዶ

ሆሳዕና ገበያ እህል የምትሸጠው ፈቲያ ቦሎቄ በየቀኑ መቀቀል የሚባል ነገር አይዋጥላትም። ለአንድ ድስት ግማሽ ቀን እሳት ሥር መጎለት የሥራ ፈት ነው ባይ ናት። ስለዚህ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ አዳሩን የነከረችውን የአዲሎ ቀይ ቦሎቄ በትልቁ ድስት ትቀቅላለች። ሲቀዘቅዝላት በየፌስታሉ ከፋፍላ፣ አፉን በእንሰት ቃጫ አስራ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ትደረድረዋለች። እርስ በርስ እንዳይጣበቅባት በየመሃሉ የእንሰት ቅጠል ታነጥፋለች። ጎረቤቶቿ ፍሪዘሩን «የፈቲያ ሬሳ ቤት» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ዘንድሮ ግን ሳቁ ጠፍቷል። ጃጁራ የተዳረችው ልጇ ኢክራም ሁለት ጊዜ አስወርዷት፣ ሦስተኛው ሰባት ወር ሞልቶታል። የምትበላው ሁሉ ሲያስመልሳት፣ ሆዷ ውስጥ የሚረጋላት የእናቷ ቦሎቄ ብቻ ሆነ። ፈቲያ በየሳምንቱ ጥቂት ፌስታል ዱዓ አድርጋበት በሚኒባስ ትልካለች። ፍርሃቷን ለማንም አልተናገረችም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ልቧ ስንጥቅ ይላል።

ቅዳሜ ሙዱላ ያለች አክስቷ ሞተችና ለቅሶ ሄደች። ባሏ ከማል እሑድ ተከተላት። እሱ ማክሰኞ ሲመለስ እሷ እስከ ዓርብ ቆየች።

ዓርብ ረፋድ ላይ እንደገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፍሪዘሩን ከፈተች። ፌስታሎቹ እንደ ድንጋይ ጠጥረዋል። ከላይኛው ረድፍ ግን አራቱ የሉም። የእንሰቱ ቅጠል ጠቁሮ ከፌስታሎቹ ጋር ተጣብቋል። ከሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ቀይ በረዶ ተጋግሯል። የቦሎቄው ውሃ ነው፤ ቀልጦ በቃጫው ቋጠሮ ሾልኮ፣ እንደገና በረዶ ሆኗል። ቀልጦ ከከረመ ተበላሽቷል ማለት ነው።

«ከማል፣ መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልጠፋም። እኔው ነኝ እሑድ ስወጣ ቆጣሪውን ያጠፋሁት» አለ፣ ጥሩ እንደሠራ ሰው።

አምና እዚያው ሰፈር ሰው የሌለበት ቤት በኤሌክትሪክ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ ሳያጠፋ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ የለም። ከማልም የለመደውን አደረገ፤ ፍሪዘሩ ትዝም አላለው።

«ማክሰኞ እንደገባሁ አበራሁት። ምነው?»

«አራቱ ፌስታልስ?»

«ለኢክራም ነዋ! ትናንት ጠዋት በሚኒባስ ላክሁላት። ከለቅሶ ደክመሽ ስትመጪ አንድ ሥራ ላቅልልሽ ብዬ።»

 ፈቲያ ፍሪዘሩን እንደተከፈተ ትታ ለልጇ ደወለች። አይነሳም። እንደገና ደወለች። በሦስተኛው አማቿ ሙራድ አነሳው።

«እማዬ፣ በሰላም ገቡ? አላህ ይዘንላቸው። እርስዎ በላኩት ቦሎቄ ልጅዎ ደስ ብሏት ነው ያመሸችው፤ ሁለት ሳህን በላች። እኔማ አልሐምዱሊላህ ብዬ ነው የተኛሁት።»

«ዛሬስ? ዛሬ እንዴት ናት?»

«ዛሬማ ከንጋት ጀምሮ ትንሽ ሆዴን ብላ…»

ቃሉን አልጨረሰም። ከበስተኋላው የኢክራም ድምፅ ተሰማ። አልጮኸችም። ልጅ ሳለች ትኩሳት ሲይዛት እንደምትለው፣ ደከም ባለ ድምፅ «እማዬን ጥሩልኝ» አለች።

ሙራድ ስልኩን ሳይዘጋ ጥሎት ሮጠ።