የመርከቧ ዓርማ

የወንድሜን መርዶ ከመስማታችን በፊት የነበረው ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። ከትምህርት ቤት መጣሁ። እናቴ ግቢው ውስጥ ያሰጣችውን ገብስ ከዶሮ ትጠብቃለች። እኔ የወንድሜን መርከብ ዓርማ ከግድግዳ አውርጄ ነሐሱን በሎሚና በአመድ ወለወልኩ።

በጋሻ ቅርጽ በተቆረጠ እንጨት ላይ የተመታ ነሐስ ነው። አንበሳ መልሕቅ ይዟል፤ ከሥሩ ክንፍ አለ። ወንድሜ ምፅዋ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር፤ ለእረፍት አሰላ ሲመጣ ያመጣው ነው። ክንፉ ምን እንደሆነ ጠየቅነው። መርከቧ ገና ለእኛ አገር ሳትሰጥ፣ በትልቁ የዓለም ጦርነት፣ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ታገለግል ነበር አለን። ባሕር የወደቁ አብራሪዎችንም እየፈለገች ታወጣ ነበር። እናቴ ከታሪኩ ሁሉ ይህን ብቻ ያዘች።

«እሷ ሰው አትጥልም» ትላለች።

ወንድሜ ሚስማሩን ራሱ መትቶ ሰቀለው። «እንዳይዘቀዘቅ፣ አደራ» አለኝ።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ መጡ። ሁልጊዜ «ወንድምህ ገና ዓሣ አልሆነም?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ያን ቀን አልቀለዱም።

«ገብሱን አንሺ፣ ሊዘንብ ነው» አሏት እናቴን።

«የምን ዝናብ ታይቶዎት ነው፣ ሐጂ?»

ጭላሎ እስከ አናቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ሐጂ ጎንበስ ብለው ገብሱን እሳቸው ይሰበስቡ ጀመር። ግቢው ለለቀስተኛ እንዲለቀቅ መሆኑ የገባኝ በነጋታው ነው።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ጎህ ሲቀድ ሐጂ ከንስሐ አባታችንና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ወንድሜ ከመርከቧ ባሕር ወድቆ አልተገኘም።

እናቴ አላለቀሰችም።

«ፈልገውታል?»

«ፈልገዋል፣ እህቴ» አሉ ሐጂ።

«አሁንም ይፈልጉ። ያቺ መርከብ ሰው ታወጣለች። ሬሳ ሳላይ ነጠላዬን አላዘቀዝቅም።»

ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ቀሩ። እናት ሳታለቅስ ማን ይጀምራል? እኛ ዘንድ ሰው ሩቅ ሞቶ ሬሳው ካልመጣ፣ ጠመንጃው ወይም ጋሻው ተዘቅዝቆ ይወጣና በሱ ይለቀሳል። ወንድሜ ጠመንጃ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

አወረድኩት። ነሐሱ ትናንት ስለወለወልኩት ያበራል። አንበሳውን በራሱ ዘቅዝቄ ደረቴ ላይ ያዝኩትና ወጣሁ።

እናቴ አየችኝ።

«አቅናው» አለች።

አላቀናሁትም።