የእንቅልፍ መጠይቅ በኢስትሊ

ከአዲስ አበባ በወጣሁ ዕለት ቤታችን ውስጥ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው። እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ዕቃ ስታጥብ ስለነበር እጇ እርጥብ ነው። ወንድሜ ኃይሉ የግቢው በር ጋ ሆኖ መንገዱን ያያል። እኅቴ ጽጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አልጋው ላይ የአራት ዓመት ልጄ ሂሩት ተኝታለች። ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ከአጥሩ ማዶ ልብስ የሚያሰጡ መስለው ቆመዋል፤ በእጃቸው ግን ልብስ አልነበረም። ባለቤቴ የለም፤ ደርግ ከወሰደው ስምንት ወር ሆኖታል። ገና ሊነጋጋ ነበር። የቀበሌው ጥበቃ መንገዱ ላይ ስለነበረ ማንም አላለቀሰም። መንገዱን የሚያውቀው ሰው "ልጅ ይዘሽ ሞያሌን አታልፊም" ብሎኝ ነበር። ጽጌን "አደራ" አልኳትና ወጣሁ።

ነገርን በዚህ መልክ መጻፍ ያስለመደችኝ ናይሮቢ ያገኘኋት የሥነ ልቦና መምህርት ናት። "መጀመሪያ ማን እንደነበረና የት እንደቆመ ጻፊ፤ የመሰለሽንና የተሰማሽን ሌላ ወረቀት ላይ አድርጊው" ትለኝ ነበር። ሌላውን ወረቀት ብዙ አልተጠቀምኩበትም።

ስለ መንገዱም አላበዛም። ሞያሌ ድረስ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር፣ ከዚያ ደግሞ ከፍየሎች ጋር ተጭነን ኬንያ ውስጥ ኢሲዮሎ የምትባል ከተማ ደረስን። ናይሮቢ ስገባ ወሩ ሐምሌ ነበር። አገሩ ሁሉ በፀሐይ የሚነድ መስሎኝ ሹራቤን ሞያሌ ላይ ሸጬው ስለነበር እንደ አዲስ አበባ ክረምት ብርድ ሲቀበለኝ በራሴ ሳቅሁ። ዝናቡ ግን የለም፤ ብርዱ ብቻውን ነው የሚመጣው። ምግባቸው ኡጋሊ የሚባል የበቆሎ ገንፎ ነው፤ መሃሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ የለውም። መጀመሪያ ቀን ጉድጓዱን ስፈልግ አስተናጋጇ ምን እንደጠፋኝ ጠየቀችኝ።

የስደተኞች ቢሮ ውስጥ ጸሐፊው ቅጽ ይሞላልኝ ጀመር።

"ከአገርሽ ለምን ወጣሽ? ጦርነት፣ ረሃብ፣ ፖለቲካ። አንዱን ምረጪ።"

"ባለቤቴን ወሰዱት። ወንድሜን ለዘመቻ ጠሩት። እኔን ደግሞ ይጠይቁኝ ጀመር።"

"ይኼ ሦስት ነገር ነው። ሣጥኑ የሚቀበለው አንድ ምልክት ነው።"

"ታዲያ የትኛውን ላድርግ?"

ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አየና "ረሃብ እናድርገው፤ እሱ ቶሎ ያልቃል" አለኝ። ያን ጊዜ በልቼ ነበር የሄድኩት።

ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር አንዲት ክፍል የተከራየሁት ከአስካለ ጋር ነው። አስካለ የሐረር ልጅ ናት፤ በጸሎት ቤት ተዋወቅን። ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር አንድ የህንድ ቤተሰብ ቤት ወጥ ትሠራለች። አከራያችን ማማ ንጄሪ ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት "ስንት ናችሁ?" ብላ ጠየቀችን።

"ሁለት ነን።"

"ሐበሻ ሁለት ካለኝ ስድስት ብዬ ነው የምይዘው። ዘመድ የላችሁም?"

"እዚህ የለንም።"

"ይመጣሉ። ሁልጊዜ ይመጣሉ።"

በየወሩ መጨረሻ ትመጣና ጎንበስ ብላ የአልጋዎቹን ሥር ታያለች። ማንም አልመጣም። በኋላ በኋላ እሷ ራሷ ቅር ያላት ትመስል ነበር።

መምህርቷን ያገኘኋትም በጸሎት ቤቱ በኩል ነው። ዶክተር ዋምቡኢ ትባላለች፤ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ታስተምራለች። ኢስትሊ ያሉትን ኢትዮጵያውያን እንቅልፋቸው እንዴት እንደሆነ ማጥናት ፈልጋ እንግሊዝኛ የሚችሉ ሁለት ጠያቂዎች አፈላልጉልኝ አለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁና እኔን፣ አገር ቤት አስተማሪ ነበሩና ጋሽ ታደለን ሰጧት። ጥናቱ ለወረቀት ብቻ አልነበረም። አንድ የእርዳታ ድርጅት ችግሩ በአርባ ቤት ተጠንቶ ከቀረበለት አማርኛ የምትችል ነርስ በሳምንት አንድ ቀን ኢስትሊ ሊያስቀምጥ ቃል ገብቷል። እኔ ያቺን ነርስ የፈለግሁት ለአስካለ ነው። እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች። ምድጃ ፊት ቆማ አንጎላጅቷት የጋለ ዘይት ክንዷ ላይ ፈሶባት ነበር፤ እመቤቲቱም ሁለተኛ እንዲህ ካደረግሽ በሩ ያውልሽ ብላታለች።

ዶክተሯ አንድ ሳምንት አሠለጠነችን። ቤቶቹ የሚመረጡት በዕጣ ነው፤ የምናውቀውን ወይም ሻይ የሚያቀርብልንን ቤት መምረጥ አይቻልም። ጥያቄው ለሁሉም በአንድ ቃል ይጠየቃል። መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ አንድ ማለት እንቅልፍ የለም፣ አምስት ማለት ጥሩ እንቅልፍ። ጠያቂ የራሱን ቤት አይጠይቅም። ቁጥር ያልተከበበበት ወረቀት ይጣላል። ስም አይጻፍም፤ የቤት ቁጥር ብቻ።

የመጀመሪያው ቤቴ የአቶ መኮንን ነበር። ዐይናቸው ደም መስሏል።

"ባለፈው ሳምንት እንቅልፍዎ እንዴት ነበር?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ከአንድ እስከ አምስት ቢሰጡት?"

"ምን? እግዚአብሔርን በቁጥር ልመዝነው ነው?"

"እንቅልፉን ነው እንጂ።"

"እንቅልፉንስ የሰጠኝ ማን ሆነና? አምስት በይ! ስድስት የለም?"

አምስትን ከበብኩ። በሚቀጥለው ቤትም አምስት፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። አርባው ወረቀት ሲሰበሰብ አማካዩ አምስት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ሳቀች።

"የእኔ ተማሪዎች እንኳ እንዲህ አይተኙም። እኔም ኢስትሊ ልከራይ መሰለኝ።" ከዚያ ሳቋን ተወችው። "በዚህ ቁጥር ማንም ነርስ አይልክም።"

"ውሸታቸውን እኮ አይደለም" አልኳት። "እኛ አገር ሰው ሲጠይቅሽ መጀመሪያ ታመሰግኛለሽ።"

"እኛም በስዋሂሊ 'ሀባሪ'፣ እንዴት ናችሁ፣ ስንባል 'ንዙሪ'፣ ደህና፣ እንላለን። ቀጥለን ደግሞ 'ላኪኒ' እንላለን፤ 'ግን' ማለት ነው። እናንተ 'ግን' የምትሉት መቼ ነው?"

አሰብኩ። አቶ መኮንን በር ድረስ ሲሸኙኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ብለውኝ ነበር። "እኔስ ደህና ነኝ። አብሮኝ የሚኖረው ሰውዬ ነው ያሳሰበኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይለፈልፋል።" ይህንን ለዶክተሯ ነገርኳት። ሰው ስለ ራሱ ምሬት ማውራት ያፍራል፤ ስለ ሌላው ማዘን ግን አያፍርም። ሁሉም የሚኖረው ከአንድ ሰው ጋር ነውና ስለ ራሱ ሳይሆን አብሮት ስለሚያድረው ብንጠይቅስ?

ዶክተሯ ጠረጴዛውን መታች። የድሮውን አርባ ወረቀት ግን አስራ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ በሁለት ዓይነት ጥያቄ የተገኘ ቁጥር አይደባለቅም አለች። አዲስ ዕጣ ወጣ። ድርጅቱ የሚቀበለው ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚውለው ዓርብ እስከ አሥር ሰዓት ነው። ጥያቄው ተቀየረና ኢስትሊም ሌላ ሰፈር ሆነ። "እሷማ ግድግዳውን ትቆጥራለች።" "እሱ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚጋደመው።" ሁለት፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት። አቶ መኮንን ዕጣው ባይደርሳቸውም መንገድ ላይ አስቁመው ስለ ሰውዬው ነገሩኝ።

አዲሱ ዕጣ የእኛንም ቤት አውጥቶት ነበር። እኔ መጠየቅ ስለማልችል ጋሽ ታደለ አስካለን ሊጠይቁ ሄዱ፤ እኔም በዚያ ቀን ከቤት ወጣሁላቸው።

ዓርብ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስታችንም ኮሌጁ ቢሮ ውስጥ ነበርን። እኔ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ ዶክተሯ ትመዘግባለች፣ ጋሽ ታደለ መስኮቱ ጋ ቆመዋል። የመጨረሻው ወረቀት የእኛ ቤት ነበር። ማስታወሻው በጋሽ ታደለ የአስተማሪ ጽሕፈት ነው። ቁጥር አልተከበበበትም።

"ምን ይላል?" አለች ዶክተሯ።

ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። "አብራኝ የምትኖረው ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ትነሳለች። በሩን ከፍታ ትቆማለች፣ ትዘጋለች፣ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እስክትጋደም ድረስ እኔም አልተኛም። እንዳታፍር ብዬ የተኛሁ እመስላለሁ።"

"ቁጥሩስ?"

ጋሽ ታደለ በእንግሊዝኛ "ረስቼው ነው" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ "ወይዘሮ ብርሃኔ፣ አላስቻለኝም" አሉ። "በእርስዎ ላይ ቁጥር ልክበብ? አስካለንም ስንት ብዬ አልጠየቅኳትም። ይተዉት፣ ይጣል።"

"ምን አሉ?" አለች ዶክተሯ። ሰዓቷን አየች። "ሠላሳ ዘጠኝ አይቀበሉንም። አርባ ብለን ፈርመናል። የቤቱን ሰው አሁን ማግኘት ይቻላል?"

"ፓርክላንድስ ሥራ ላይ ናት። እስከ ማታ አትወጣም።"

"እንግዲያው አበቃ።"

"ቁጥሩን እኔ ልነግርሽ እችላለሁ።"

"አንቺ እንዴት ታውቂያለሽ?"

"የተጻፈው ስለ እኔ ነው።"

ጋሽ ታደለ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳች።

"ሰው ስለ ራሱ የተናገረውን አንቀበልም ብለን ነው ጥያቄውን የቀየርነው። አንቺው ነሽ ያስቀየርሽኝ።"

"ስለ ራሱ የጠየቅነው ሁሉ አምስት ነው ያለው" አልኳት። "እኔ አምስት አላልኩም።"

"ስንት ትያለሽ?"

"አንድ።"

ዶክተሯ ወረቀቱን ሳበችና አንድን ከበበች፤ ከግርጌውም የሆነ ነገር ጻፈችበት፤ ምን እንደሆነ አላነበብኩም። ወረቀቱን ከሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ አድርጋ በክር አሰረቻቸው።

ቦርሳዬን አነሳሁና ወጣሁ።