የስህተት ሰዓት

ዶክተር የብርጓል በዕድሜዋ ሙሉ የጠላችው ቃል አንድ ነው፤ «ገባችሁ?» የሚለው። ሌላውን ሁሉ ችላዋለች። ስብሰባውን ችላለች፣ ሪፖርቱን ችላለች፣ ያንን ወገብ የሚቆርጥ የምክትል ፕሬዚዳንት ወንበር እንኳ ስድስት ዓመት ችላዋለች። «ገባችሁ?» ሲባል ስትሰማ ግን ዛሬም ሰቅጠጥ ያደርጋታል።

ነገሩ የተጀመረው ደጀን ከተማ ነው። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት መምህርት ነበረች፤ ዲማ ተወልዳ፣ ደብረ ማርቆስ ተምራ፣ ሒሳብ ልታስተምር ወደዚያ የተመደበች። ሎጋሪዝም አስተማረች። ከውጭ የከባድ መኪና ጩኸት፣ ከውስጥ የጠመኔ ብናኝ፣ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ለፋች። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ «ገባችሁ?» ስትል ስድሳ ሁለት ተማሪ በአንድ አፍ «አዎ!» ይላታል። ደስ አላት። ፈተናውን ስታርም ያለፉት አራት ናቸው። ወይ ጉድ፣ አራት! ተናዳ ከፊት የምትቀመጠውን ማንጠግቦሽን ጠራቻት።

«ካልገባችሁ ምን ሆናችሁ ነው አዎ የምትሉኝ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ቲቸር፣ እንዳይደክምዎት ብለን ነው።»

የብርጓል እዚያው ሳቀች፤ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ቃል ከአፏ አልወጣችም። በምትኩ «የት ላይ ነው የጠፋብህ?» ትላለች። ልጁ ጣቱን መስመሩ ላይ እስኪያሳርፍ ትጠብቃለች፤ መጠበቅ ላይ ማንም አይችላትም ነበር።

ዶክትሬቷንም የሠራችው በዚሁ ነው። ጮቄ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት መጥታ «የስህተት ሰዓት»ን አቋቋመች። በየሳምንቱ ረቡዕ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የራሱን ስህተት ይዞ ሰሌዳ ፊት ይቆማል፤ የት ላይ እንደጠፋበት ለጓደኞቹ ያሳያል። መምህሩ ጠመኔ አይነካም። ማርክ የሚሰጠው ስህተቱን በደንብ ላስረዳ ነው። «ለስህተት ማርክ! ጉድ እኮ ነው!» ብለው የሳቁባት ባልደረቦቿ፣ ውጤቱ ከፍ ሲልና ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሊያይ ሲመጣ ዝም አሉ። እሷንም ሾሟት። የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ቀጥሎ ዲን፣ ቀጥሎ ምክትል ፕሬዚዳንት። ከፍ ባለች ቁጥር ከሰሌዳው ራቀች፤ ክፍል ገብታ ካስተማረች ዘጠኝ ዓመት አለፋት።

አሁን የስህተት ሰዓትን የያዘው ደምለው ነው። ተማሪዋ ነበር። ጎበዝ ልጅ፣ ግን ሰው ማስቀየም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ያሉትን ሁሉ «አዎ» ስለሚል «አቶ አዎ» ብላ ስም ያወጣችለት ራሷ ናት። እሱም በስሙ ይስቃል።

ዘንድሮ በግንቦት ለሴኔቱ አንድ ሐሳብ ቀረበ። የስህተት ሰዓት ይሰረዝና ጊዜው ለመውጫ ፈተና ማጠናከሪያ ይዋል የሚል። ውሳኔው ሐሙስ ነው። የብርጓል በሐምሌ ጡረታ ትወጣለች፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በእጄ የሠራሁት የምትለው ነገር ይኸው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። መከራከሪያዋን አሥራ ሁለት ገጽ ጽፋ ጨረሰች። ረቡዕ ደግሞ በዓይኔ አይቼው ልበርታ ብላ ወደ ክፍሉ ሄደችና ከኋላ ተቀመጠች።

አንድ ተማሪ ወጣ። ዘጠኝ ሲደመር አሥራ ስድስትን በስኩዌር ሩት ውስጥ ጻፈና «ሦስት ሲደመር አራት፣ ሰባት አልኩ፤ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ መልሱ አምስት ነው» አለ። ጥርት ያለ ማብራሪያ። ሁለተኛዋ ወጣች፣ ሦስተኛው ወጣ። የብርጓል ወደ ሰሌዳው አንገቷን አሰገገች። ስህተቶቹን ታውቃቸዋለች! ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በጻፈችው መመሪያ ውስጥ ለምሳሌ ያስቀመጠቻቸው ናቸው፤ ቁጥራቸው እንኳ አልተለወጠም። አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ ደብተር ሳብ አድርጋ አየችው። ሽፋኑ ላይ «የ2011 ባች» ይላል። ስህተት በቀይ እስክሪብቶ አምሮ ተገልብጦ፣ ከባች ባች ሲወራረስ ኖሯል።

«ገባችሁ?» አለ ደምለው ከፊት።

«አዎ!»

ወዲያው ዓይኑ እሷ ላይ አረፈና ደነገጠ። ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ቆየ፣ ዶክተር። ሰባ ስምንት ተማሪ ነው ያለኝ። የራሳችሁን አምጡ ስላቸው ያፍራሉ። እኔም ያለፈውን ባች ደብተር እዩ አልኳቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

መሬት መሬት አየ። «እንዳይደክምዎት ብዬ ነው።»

ትታው ሄደች። ቢሮዋ ገብታ ተቀመጠች፤ ተቀምጣ ቀረች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሏ ዓለምነው ደወለ።

«ገባሽ?»

«አዎ» አለችው፣ ከወንበሯ ንቅንቅ ሳትል። ስልኩን ዘግታ ነው አፏ ያወጣውን የሰማችው። ቤቷም አልገባች፣ ነገሩም አልገባት። ለሠላሳ ሰባት ዓመት የታገለችው ያ አዎ ከገዛ አፏ ወጣ። ራሷን ታዘበችው።

ሐሙስ ተራዋ ሲደርስ አሥራ ሁለቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ትታ ተነሳች።

«ይሰረዝ» አለች። «ስህተት እንኳ የሚኮረጅ ከሆነ ምን ይሠራል? እኔም ደክሞኛል።»

ቁጭ አለች። ክርክር ሲጠብቅ የነበረው ፕሬዚዳንት እፎይ አለ። «እንግዲህ የሰዓቱ ባለቤት ራሳቸው ከተናገሩ... ነገሩ ገብቶናል አይደል?»

«አዎ!» አለ ሴኔቱ በአንድ አፍ።

«እኔ አልገባኝም።»

ሁሉም ዞር አለ። የመምህራን ተወካዩ ደምለው ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«ምኑ ነው ያልገባህ?» አለ ፕሬዚዳንቱ ሰዓቱን እያየ።

«ዶክተር ሰዓቱን የሚዘጉት በእኔ ስህተት ነው። ተማሪዎቹ እንዲገለብጡ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።» ላቡን ጠረገ። «ስህተቱ የራሴ ነው። ከየትም አልገለበጥኩትም። ይኸው ጽፌ ይዤው ወጥቻለሁ።»

አቶ አዎ! የብርጓል ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ እንደገና ተነሳች። ፕሬዚዳንቱም፣ ሴኔቱም፣ ሐምሌም ከነጭራሹ ተረሷት።

«እሺ፣ ደምለው» አለችው። «የት ላይ ነው የጠፋብህ?»

ጣቱ ወረቀቱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ቆማ ጠበቀችው።