የዚያች ዓርብ ያስሚን

ዋናተኛን የሚወስደው ውሃ ነው ይባላል፤ ዘሊካንም ጉድ የሠራት የምታውቀው ነገር ነው። የሽቶ ነጋዴ ልጅ ናት። ባሕር ዳር የሚዳሩ ልጃገረዶች ሁሉ አፍንጫዋን ይዋሱ ነበር፤ "ይኸኛው ሽቶ ላንቺ አይሆንም" ካለች አለቀ፣ ማንም አይከራከራትም።

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባሏ መስዑድ ታንኳ ሠሪ ነበር። አርበኞችን ጣናን አሻግሯል ተብሎ ሲፈለግ ታንኳ በሚሠራበት የሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ተሸሸገ። ዘሊካ ደንገል አጫጅ መስላ ስንቅ ታደርስለታለች።

አንድ ዓርብ ገላዋን ታጠበችና ሁለት ብልቃጥ ፊቷ አስቀመጠች። አንዱ ጽጌረዳ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ አንገት ሥር ካልተጠጉ የማይሸት። ሌላው ያስሚን ነው፤ እሱስ አያድርስ፣ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል! እናቷ "ሴት ሽቶ የምትቀባው ለቤቷ ነው፤ ደጅ ስትወጪ ታጠቢው" እያለች ነው ያሳደገቻት። ዘሊካ ግን "ቤቴማ አሁን ደንገሉ አይደል?" አለች። ጽጌረዳውን አንስታ፣ የሐይቁ ዓሣ ሽታ ይውጠዋል ብላ መለሰችው። ያስሚኑን ተቀባች፣ ያውም አብዝታ።

ስንቁን ሰጥታ ስትመለስ ሁለት ባንዳዎች አገኟት። አንደኛው አየሩን አሸተተና "ኧረ ጉድ! ለደንገል አጨዳ እንዲህ ሽቶ ይርከፈከፋል?" ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሽታውን እያነፈነፉ የመጣችበትን ዱካ ተከትለው ሄዱ። መስዑድ እንዲያመልጥ መጮህ ነበረባት፤ አልጮኸችም።

መስዑድ ተይዞ ሦስት ዓመት ታሰረ። እሷም ሽቶ አልነካችም። ልጃገረዶቹ ሲመጡ "አፍንጫዬ ታሟል" እያለች ትመልሳቸዋለች። ጣልያን ሲወጣ ተፈቶ መጣ፤ እንዴት እንደተያዘ ለጠየቀው ሁሉ "ደንገሉ ውስጥ ሳል ይዞኝ፣ ሳሌ ነው ያስያዘኝ" ይላል። ጎረቤት ይስቃል። በሳቁ ቁጥር ዘሊካ ተነስታ ጓዳ ትገባለች።

ከተፈታ በኋላ የመጀመሪያዋ ዓርብ ስትደርስ "ያ ያስሚን የት ገባ? ተቀቢው እንጂ" አላት።

አላስቻላትም። "ሳልህ አይደለም ያስያዘህ፤ እኔ ነኝ። በዚያ ሽቶ መርቼ የሰጠሁህ እኔ ነኝ" ብላ እግሩ ላይ ወደቀች።

መስዑድ እጇን ይዞ አነሳት። "አውቃለሁ። የያዙኝ ለት እየሳቁ ነግረውኛል። ሳል ያልሁት ሰው አንቺን እንዳያማሽ ነው።" ከጎኑ አስቀመጣት። "ደግሞስ አንቺ እንደሄድሽ ቦታ መቀየር ነበረብኝ፤ እንዲያ ነበር የማደርገው። ያን ቀን ግን ሽታሽ እስኪጠፋ ልቆይ ብዬ ተቀመጥሁ።"

ቢቆጣት፣ ቢመታት በቀለላት። ዘሊካ ፊቷን በሻሿ ሸፍና "ምነው ጽጌረዳውን ባደረግሁት" እያለች አለቀሰች።