ወንዙ አልጣላትም

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ደፍሬ አልነገርኩም። "ብዙ በድያለሁ አባ" ብዬ በጅምላ አልፈዋለሁ እንጂ እንዲህ አድርጌአለሁ ብዬ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ዛሬ እጠራዋለሁ። የሚስቴን የበላይነሽን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሰብሬም ፍርድ ቤት ቆሜ አልሰበርኩም ብያለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ በባቡር መጠገኛው በያጅ ነበርኩ። በላይነሽ በየሳምንቱ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ መጋላ ሰፈር ያሉትን እናቷን ትጠይቃለች። አንድ ቀን እንደሄደች ከተራራው የወረደ ጎርፍ ወንዙን ሞላው፤ ውሃው ድልድዩ ላይ ወጣ፤ ከወዲያም ከወዲህም የሚሻገር ጠፋ። እሷም እናቷ ዘንድ አደረች።

አላወቅኩም እንዳልል አመሻሹ ላይ ራሴ ወርጄ ዳር ቆሜ አይቼዋለሁ። ግንድ ሲያንከባልል አይቻለሁ። ታዲያ ምን ነበር ያናደደኝ? በማግስቱ ሥራ ቦታ "ሚስትህ የት አደረች?" ብለው ስለቀለዱብኝ? ለቀልድ ክንድ ይሰበራል?

ለምሳ ስገባ ተመልሳ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። የበሩን መቀርቀሪያ አንስቼ መታኋት። ራሷን ልትከላከል ግራ እጇን አነሳች፤ ክንዷ ላይ አረፈ። ደገምኩት። የተሰበረው በሁለተኛው ነው። ለሁለተኛው ምንም የምለው የለኝም፤ የመጀመሪያው ሲያርፍ ጩኸቷን ሰምቼ ነበርና።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ትንሿን ልጃችንን ሰናይትን ይዘው ደጅ ተቀምጠው ነበር። ሮጠው ገቡ። ክንዷን በእንጨት ደግፈው በሻሻቸው አሰሩላት፤ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ይዘዋት ሄዱ።

ተያዝኩ፤ አለቃዬ ዋስ ሆኖ አስወጣኝ። ሚስቱን ደብድቦ አካሏን ጎድቷል ተብዬ ተከሰስኩ። እስር ቤትም ሥራዬን ማጣትም ፈራሁ፤ ስለ እጇ ግን ማሰቤን አላስታውስም። ጠበቃ ያዝኩ። አቶ ጌታነህ የሚባሉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ ስትመለስ ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው የወንዙ አሸዋ ጭቃና ድንጋይ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ።

"እንግዲህ ስትሻገር ወድቃ እንደሆነስ? ያየ ሰው አይጠፋም" አሉኝ።

በእሳቸው አላሳብብም። ምስክሩን የፈለግኩት እኔ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራውን ግርማን ለምኜ፣ ያላየውን አየሁ እንዲል ያስጠናሁት እኔ ነኝ።

በችሎቱ አዴ ፋጡማ በኦሮምኛ መሰከሩ፣ አስተርጓሚ ወደ አማርኛ መለሰላቸው። ጠበቃዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋቸው፤ ሲመታት በዓይንዎ አይተዋል? ጩኸቷን ሰማሁ፣ ስገባ መቀርቀሪያውን ይዞ ቆሟል፣ ሲመታት ግን አላየሁም አሉ። በቁርኣን ምለዋል፤ ያላዩትን ሊጨምሩ አልፈለጉም። ግርማ ግን ወንጌል መትቶ ምሎ፣ የወንዙ ድንጋይ ላይ ስትወድቅ አይቻለሁ አለ።

ዳኛው በላይነሽን የምትጨምሪው ካለ አሏት። የታሰረ እጇን በደህናው ደግፋ ተነሳች።

"ወንዙ አልጣለኝም፤ እኔ የመጣሁት በድልድዩ ነው" አለች።

ተቀመጠች። ወደ እኔም አልዞረችም።

በነፃ ተለቀቅኩ። እሷ እናቷ ቤት ገባች፤ ክንዷ ተጣሞ ዳነ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ባሏን በሐሰት የከሰሰች ሴት ልጅ አታሳድግም ብለው ሰናይት ከእኔ ጋር እንድትቀር ፈረዱ። ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ ሰናይትን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ሰናይት ከፍ ስትል እናቷ ለምን እንደሄደች ጠየቀችኝ። ወድቃ ተሰብራ በእኔ አሳበበች አልኳት። አንዴ ብቻ አይደለም ያልኳት። ልጅቷ አምናኝ አደገች። እናቷን ለበዓል እንደ ሩቅ ዘመድ ሰላም ብላ ትመለስ ነበር።

በላይነሽ አምና አረፈች። ከቀብር ስንመለስ ሰናይት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "አባዬ፣ በሐሰት ያሳሰረችህን ይቅር ብያታለሁ። አንተም ይቅር በላት" አለችኝ።

"ነፍሷን ይማር" አልኳት። ይኸው ነው ያልኩት። ያኔ ማን ከለከለኝ? ዳኛ የለ፣ እስር የለ፣ የሚወሰድብኝ ሥራ የለ።

ዘመኑ እንዲያ ነበር፣ ማን የማይመታ ነበር የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። የአዴ ፋጡማ ባል በዚያው ዘመን፣ በዚያው ግቢ፣ ከእኛ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ሲኖር አንድ ቀን እጁን አንስቶባቸው አያውቅም።

ይህን የጻፍኩት ነገ ለሰናይት ልሰጣት ነው። አንብባ ደጄን ዳግመኛ ባትረግጥ አልፈርድባትም። ይቅር በይኝም አልላትም። እናትሽ አልዋሸችም ብቻ ነው የምላት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።