አያቴ የደበቁት ፓፍ

ትናንት ፒያሳ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለልጇ ሰማያዊ የአስም ፓፍ ስትነፋለት የመድኃኒቱ ምሬት ምላሴ ላይ መጣ።

ልጅ ሳለሁ አስም ነበረብኝ። ሐኪሙ ፓፍ ቢያዝልኝም ያሳደጉኝ አያቴ «ይሄን የለመደ ሳንባ ያለሱ አይሠራም» እያሉ ቦርሳቸው ውስጥ ይደብቁት ነበር።

አንድ ቀን ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን ስንወጣ የመኪና ጭስ አፈነኝ። ደረቴ እያፏጨ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ።

«ይስጡኝ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ትንሽ ታገሺ ልጄ፣ ያልፋል።»

አላለፈም። ድምፄ ጠፋ። እዚያው ጫማ የምትሸጥ ሴት ከንፈሬን አይታ «እትዬ፣ ኧረ ልጅቷ ጠቆረች!» ብላ ጮኸች።

አያቴ ቦርሳቸውን መሬት ላይ ዘረገፉና ፓፉን አፌ ውስጥ ከተቱት።

«ሳቢው! በእመቤቴ፣ ሳቢው!»

የመጀመሪያው ርጭት ምላሴ ላይ ቀርቶ መረረኝ። ሁለተኛው ወደ ውስጥ ገባ፤ ደረቴም ቀስ በቀስ ተከፈተ።

አያቴ መንገዱ ላይ ተንበርክከው ጆሯቸውን ደረቴ ላይ ለጠፉ። «እስቲ ደግመሽ ተንፍሺ» ይሉኛል፣ እንደገና «እስቲ ደግመሽ»። ሰው እየዞረን ያልፋል።

ስለ ፓፉ ሐሳባቸውን ለውጠው እንደሆነ አልነገሩኝም። ዛሬም ትንፋሽ ሲያጥረኝ ግን ጆሯቸው ደረቴ ላይ ያለ ይመስለኛል።