የኢንሱሊኑ ማሰሮ

የማንኩሳው ቄስ ቴዎፍሎስ ስኳር አለብዎት ተብለው ኢንሱሊን መወጋት ከጀመሩ ወዲህ ቅዳሴ ቀረባቸው፤ ተወግቶ ባዶ ሆድ መዋል የት ይቻላልና! ሚስታቸው ምሥራቅ መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ታቀዘቅዝላቸዋለች።

አንድ ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት ሐኪም፣ «ከዘመድ ስኳር ያለበት ይኖራል?» አለቻቸው።

«አባቴም አለባቸው ተብለዋል፤ ይኸው ያለ መድኃኒት በሰማንያ ዓመታቸው ሞፈር ይጠርባሉ!»

ነገሩ ከነከናት። የአባትና የልጅን ደም ለዘር ምርመራ ውጭ አገር ላከች። ከወራት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ፣ «ከአባትዎ የወረሱት፣ የማይጎዳ ዓይነት ነው። መርፌው ይቅር፤ ይጹሙ፣ ይቀድሱ» አለቻቸው።

ቄሱ ዳግም በቀደሱ ዕለት ምሥራቅ አሸዋውን ደፍታ፣ ማሰሮዋን አጥባ፣ ጠላ ቀዳችበት። ሽማግሌው አባት የመጀመሪያውን ዋንጫ ጨብጠው፣ «ተመስገን!» አሉ፤ «ልጆቼ ሳይካሰሱ የወረሱኝ ይኸን ስኳር ብቻ ነው!»